ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫን ሊኑክስ

ሰው ብቻውን የሚሆንበት መንገድ ብዙ ነው። በረሃ ገብቶ ብቻውን የሚሆን አለ። ሚስቱ አጠገብ ተቀምጦ ብቻውን የሚሆን አለ። ሠርግ ቤት መሐል ሳህኑን ታቅፎ ብቻውን የሚጎርስም አለ። እኔ የማወጋችሁ ግን ከእነዚህ ሁሉ ለየት ያለ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ተለክቶ የተሰፋ የሚመስል ብቸኝነት ነው። በተመደባችሁበት ከተማ ቤት ተከራይታችሁ፣ ደመወዝ እየበላችሁ፣ ሰላምታ እየሰጣችሁና እየተቀበላችሁ፣ ልባችሁን ግን ሻንጣ ውስጥ ቆልፋችሁ ስትኖሩ የሚይዛችሁ ዓይነት። ሐኪም አያገኘውም። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ ዝውውር።

አሶሳ ያን ጊዜ አዲስ የክልል ከተማ ነበረች። ከየአገሩ የመጣን መምህራን፣ የሒሳብ ሠራተኞችና የጤና ባለሙያዎች ስንገናኝ ‹‹እንዴት አደርክ?›› ከማለታችን በፊት ‹‹ዝውውሩ ምን ደረሰ?›› እንባባል ነበር። የተሳካለት እንደ ሙሽራ ይሸኛል፤ ያልተሳካለት እንደ ሐዘንተኛ ይጽናናል። አንድ ባልደረባችን የእንጨት አልጋ ገዝቶ በጋሪ ሲያስጭን ታየና ‹‹በቃ፣ ተስፋ ቆረጠ›› ተብሎ ሳምንት ሙሉ ታዘነለት። ሌሎቻችን ፍራሻችንን መሬት ላይ ዘርግተን ነበር የምንተኛው። ለሚጠቀለል ሰው የሚጠቀለል ፍራሽ ይበቃዋል።

የአገሩ ሰዎችስ? ይታዘቡናል። በተለይ አከራዬ እማ ሐዋ። እማ ሐዋ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ግቢያቸው በቀርከሃ የታጠረ፣ ከግቢው መሐል አንድ ትልቅ ማንጎ ያላቸው ሴት። አማርኛን ሲናገሩ በጾታ ሕጋችን ላይ የራሳቸውን ማሻሻያ አድርገዋል፤ ወንዱን ‹‹እሷ››፣ ሴቷን ‹‹እሱ›› ይላሉ፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ ይገለብጡታል። እኔ ልስቅ አይገባኝም። በግቢያቸው አራት ዓመት ኖሬ ከቋንቋቸው የማውቀው ሦስት ቃል ነው፤ ሦስቱም ሰላምታ።

ታዲያ ከሥራ ስመለስ ማን ይጠብቀኝ ነበር ትሉኛላችሁ። ላፕቶፕ። ዝውውር ቀንቶት ከሄደ ባልደረባዬ የወረስኩት፣ ክብደቱ የወፍጮ መጅ የሚያህል፣ ሲነሣ የሚያቃስት አሮጌ ላፕቶፕ። በከተማው ኮሌጅ የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው፤ ማስታወሻዬ በሙሉ እሱ ውስጥ ነበር። ማስታወሻውስ ሰበብ ነው። ዋናው ሥራዬ ለብቻ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነበር፤ ራሴን አሸንፌ የምኩራራበት፣ በራሴ ተሸንፌ የምናደድበት።

አንድ ቀን ከሆዱ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ አወጣና ጸጥ አለ። ስክሪኑ ጠቆረ። ባጠፋው፣ ባበራው፣ ብለምነው፣ ብሳደብ አልሰማ አለ።

በማግስቱ ቅዳሜ ተሸክሜው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ከፎቶ ኮፒው ጎን ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። ከፈተው፣ አየው፣ እንደ አስክሬን መረመረው።

‹‹ሃርድ ዲስኩ ሞቷል መምህር›› አለኝ። ‹‹ለዚህ ዘመን ማሽን ደግሞ መለዋወጫ የለም። ተወው።››

በዚያ ከተማ ታሞ የሚተኛ ዘመድ እንኳ የሌለኝ ሰው፣ ቆሜ መርዶ ተረዳሁ። ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም። ብቻ ወረቀት ሊያስገለብጡ ወረፋ የያዙ አንድ ረጅም፣ ጥቁር፣ ጢማቸው ሽበት የጀማመረው ሰው ወደኔ ዞር አሉ።

‹‹ዲስክ ሞተ›› አሉ በተሰባበረ አማርኛ። ‹‹ማሽን አልሞተ። ለምን ሁለቱን ትቀብራለህ?››

ኡስታዝ ኢድሪስን የተዋወቅኳቸው እንዲህ ነው። ሱዳናዊ ናቸው። በአገራቸው ሒሳብና ኮምፒውተር አስተማሪ ነበሩ፤ ጦርነት አፈናቅሏቸው ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ይኖራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ አሶሳ ይመጣሉ። አማርኛውን የተማሩት መጠለያው ውስጥ ከጥበቃዎችና ከሻይ ሻጮች ነው፤ ‹‹እርስዎ›› የሚባል ነገር እንዳለ የነገራቸው የለም፤ ሁሉንም ሰው ‹‹አንተ›› ይላሉ። እኔን ግን ሥራዬን ሲሰሙ ‹‹ኡስታዝ›› አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። እኔም ‹‹ኡስታዝ›› አልኳቸው። ሁለት ኡስታዞች አንድ ሬሳ ይዘን ቆምን።

ነገሩን አስረዱኝ። ፎቶ አንሺዎች በትልልቅ ካሜራዎቻቸው ውስጥ የሚከቱት ክብሪት የሚያህል ካርድ አለ፤ ኮምፓክት ፍላሽ ይባላል። በአንዲት ትንሽ ማገናኛ ላይ ሰክተው በሞተው ዲስክ ቦታ ቢያስገቡት፣ ማሽኑ ዲስክ አገኘሁ ብሎ ይታለላል። በካርዱ ላይ ደግሞ ሊኑክስ ይጫናል፤ ማንም ለማንም በነፃ የሚሰጠው፣ አሮጌ ማሽን የማይንቅ ሥርዓት።

‹‹ሊኑክሱ ከየት ይመጣል?›› አልኳቸው።

የያዙትን የፕላስቲክ ፋይል ከፈቱ። የስደተኛ ፋይል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሰውየው ዕድሜ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ የራሽን ካርድ፣ የምዝገባ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ ደብዳቤ። ኡስታዝ ኢድሪስ ከእነዚህ ሁሉ መሐል በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ሲዲ አወጡ። ከቤታቸው ሲሸሹ ከያዟቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ለምን እሱን እንደያዙ ጠየቅኳቸው።

‹‹ጠረጴዛ ላይ ነበረች›› አሉኝ። ‹‹ሰው ሲሮጥ አይመርጥ።››

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔም ያንኑ ሰሞን አዲስ አበባ ለምትኖረው እህቴ ደወልኩ።

‹‹ካሜራ ገዛህ እንዴ?›› አለችኝ።

‹‹አይ፣ ካርዱን ብቻ ነው የምፈልገው።››

‹‹ካሜራ ሳትገዛ ካርዱን ምን ታደርገዋለህ?››

‹‹ላፕቶፕ ውስጥ ልከተው ነው።››

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ‹‹ወንድሜ፣ እዚያ አገር ደህና ነህ ግን?›› ብላ ጠየቀችኝ። አልፈርድባትም። ያም ሆኖ መርካቶን ዞራ፣ ካርዱንም ማገናኛውንም አግኝታ፣ በመንገደኛ ላከችልኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ማንጎው ሥር ነበር። የኔ ክፍል ቆርቆሮው ሲግል ዳቦ ይጋግራል፤ ስለዚህ ጠረጴዛዬን አውጥቼ፣ ማራዘሚያ ገመድ በመስኮት ስቤ፣ ተቀመጥን። ኡስታዝ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈቱ በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ደረደሯቸው። የሞተውን ዲስክ አወጡና በሁለት እጃቸው ለእኔ ሰጡኝ፤ ‹‹አላህ ይርሐመው›› አሉ። ሳቅሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ እማ ሐዋ ከጓዳ ብቅ ብለው አዩኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። እማ ሐዋና ኡስታዝ ኢድሪስ በዓረብኛ ተያያዙ። የበርታ ሰው ከሱዳን ጋር ሲነግድ፣ ሲጋባ የኖረ ነው፤ እማ ሐዋ ዓረብኛውን እንደ ውኃ ነው የሚያፈስሱት። ያን ቀን ሳህን ሙሉ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር መጣ። በላን። ሁለቱ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ገንፎዬን እያጠቀስኩ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ አያለሁ። ስደተኛው እንግዳ ቤተኛ ሆኖ፣ የራሱ አገር መንግሥት የመደበው ተከራይ እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ። የሚገርመው አልከፋኝም። የማይገባኝ ጨዋታም ቢሆን ከጸጥታ ይሻላል።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሲዲው አልነበብ አለ። ኡስታዝ በሳሙና አጥበው፣ በነጠላ ጫፍ አድርቀው፣ ጥላ ላይ አሰጡት። ሦስተኛው ቅዳሜ ተነበበ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደላት እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይወርዱ ጀመር። ወደ ማታ ግድም ኡስታዝ ስክሪኑን ወደ ራሳቸው አዞሩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

‹‹አልተሳካ። በሚቀጥለው ሳምንት።››

አራተኛው ቅዳሜ መብራት ጠፋ። አምስተኛው፣ ካርዱን በአዲስ መልክ እንከፋፍለው አሉ። ስድስተኛውና ሰባተኛውም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። እኔ ግን ሐሙስ ላይ ክፍሌን መጥረግ ጀምሬ ነበር። ዓርብ ስኳር እገዛለሁ። ቅዳሜ ጧት ሁለተኛ ወንበር ከጎረቤት እዋሳለሁ። እማ ሐዋ ከአጥሩ በር ላይ ‹‹ኡስታዝ፣ እንግዳ መጣች!›› ሲሉ ከመቀመጫዬ ዘልዬ እነሣለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሲዲው እየተሽከረከረ ሳለ እንደ ልማዴ ማማረር ጀመርኩ። አሶሳ ሩቅ ነው፣ ሙቀቱ አይቻልም፣ ሰው የለኝም አልኩ። ኡስታዝ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ፣

‹‹ሩቅ ከየት?›› አሉኝ።

‹‹ከአገሬ። ከቤተሰቤ።››

‹‹እሺ›› አሉ፤ ‹‹የት እንዳሉ ታውቃለህ። ሩቅ ማለት ትችላለህ።››

ፈራ ተባ እያልኩ፣ ‹‹የእርስዎ ቤተሰቦችስ?›› አልኳቸው።

‹‹አሉ›› አሉኝ። ‹‹የት እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።››

ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው ፊት ስለ ርቀት አውርቼ አላውቅም።

በስምንተኛው ቅዳሜ ሊኑክስ ተነሣ። ያ ሲያቃስት የኖረ ማሽን አንዲት ድምፅ ሳያሰማ ተነሣ። ካርዱ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ አያንቋርርም፣ አይተነፍስም። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩት። እማ ሐዋ ‹‹ሞተች?›› አሉ። ‹‹አይ፣ ዳነች›› አልናቸው። የካርታ ጨዋታም ነበረው፤ ከፍቼው አላውቅም ማለት ይቻላል።

ኡስታዝ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። ካርዷ ደካማ ናት፤ በላይዋ ብዙ በተጻፈ ቁጥር ታረጃለች። ስለዚህ ሁለት ፎልደር አዘጋጁልኝ። አንደኛው ለዘለቄታው ነው፤ እዚያ የገባ ነገር ካርዷ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ጊዜያዊ ነው፤ እዚያ የገባ ነገር ማሽኑ እስኪጠፋ ይኖራል፣ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ‹‹ቁም ነገር እዚህ፣ ጨዋታ እዚያ›› አሉኝ። ገባኝ አልኩ። አስተማሪ ‹‹ገባኝ›› ሲል አትመኑት፤ ከተማሪዎቹ የለመደው ነው።

ሊኑክሱ ካለቀ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣታቸውን አልተዉም። ‹‹እሷን ልጠይቅ ነው›› ይላሉ፣ ላፕቶፑን ማለታቸው ነው። ቤተሰባቸውን ለማፈላለግ በዓረብኛ ደብዳቤ ይጽፉበት ነበር፤ በፍላሽ ገልብጠው ይወስዱና ያሳትሙታል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ፈተና አርማለሁ። አንዳንዴ ከሰዓት እስከ ሚኒባሱ መነሻ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ እንውላለን። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይላሉ፤ መድኃኒቱ መናገር እንደሌለበት ግን የነገረኝ አልነበረም።

እንዲህ እያለ የዝውውር ማመልከቻ ጊዜ ደረሰ። የመጨረሻው ቀን ሰኞ፣ ከቀትር በፊት ነው ተባለ። እሑድን ሙሉ ተቀምጬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ዳግመኛ አልጽፍም! የአየር ንብረቱን አስለቀስኩት፣ ጨጓራዬን አስለቀስኩት፣ የእናቴን እርጅና አስለቀስኩት። በመጨረሻም ላስቀምጠው ብዬ ከሁለቱ ፎልደሮች ፊት ቆምኩ። እጄ ሳላዘው ወደ ጊዜያዊው ሄደ። አሁን ሳስበው አይገርመኝም። አራት ዓመት ሙሉ አሶሳ ውስጥ የነካሁትን ሁሉ ‹‹ለጊዜው ነው›› እያልኩ ነበር የማስቀምጠው። እጄ የለመደውን አደረገ።

ሰኞ ጧት ኮሌጁ ቢሮ ሄጄ ላሳትም ማሽኑን ስከፍት ፎልደሩ ባዶ ነው። ፈለግሁ፣ ላበኝ፣ እንደገና ፈለግሁ።

መዝገብ ቤት የምትሠራው ወይዘሮ አየችኝና ‹‹በእጅህም ጽፈህ ብታመጣ እቀበልሃለሁ፤ ግን እስከ ስድስት ሰዓት ነው›› አለችኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። ቀኑን ጻፍኩ። ‹‹ጉዳዩ፦ ዝውውር ስለመጠየቅ›› ብዬ ከሥሩ አሰመርኩ። ከዚያ ‹‹የአየሩ ሙቀት ለጤናዬ›› ብዬ ጀመርኩና ማንጎው ሥር ያለው ነፋስ ትዝ አለኝ፤ ሰረዝኩት። ‹‹ከቤተሰቤ እጅግ ርቄ›› ብዬ ጀመርኩ። እሱንም ሰረዝኩት፤ ለምን እንደሰረዝኩት እናንተም ታውቃላችሁ። ከሦስቱ ገጽ የቀረኝ እውነት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ‹‹ሰው የለኝም›› የሚል። እሱም ቢሆን ቅዳሜን አይጨምርም።

‹‹መምህር፣ ልዘጋው ነው መዝገቡን›› አለች ወይዘሮዋ በበሩ ብቅ ብላ።

‹‹ዝጊው›› አልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለኡስታዝ ኢድሪስ እንደ ቀልድ አድርጌ ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። ነገርኳቸው። አልሳቁም። ‹‹አስተግፊሩላህ›› እያሉ ራሳቸውን ያዙ፤ እኔ ነኝ ጥፋተኛ፣ ያን ፎልደር እኔ ነኝ የሠራሁት አሉ። እኔ ነኝ የማጽናናቸው እንግዲህ። ‹‹ግድ የለም፤ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ አለን›› አልኳቸው።

ያኔ ፋይላቸውን ከፍተው አንድ አዲስ ወረቀት አወጡ፤ ማኅተሙ ያልደበዘዘ። በረዶ የሚዘንብበት አንድ አገር ተቀብሏቸዋል። ስማቸው መጠለያው ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ አራት ቀኑ ነው።

‹‹መቼ?›› አልኩ።

‹‹ሁለት ቅዳሜ ቀረች›› አሉኝ።

የቆየሁለት ሰው ሊሄድ ነው። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ለራሴም ያን ጊዜ አልነገርኩትም። ‹‹እንኳን ደስ አለዎት›› አልኩ። ደግሞም ከልቤ ነበር፤ እንደዚያ ከልቤ እያልኩት እንደዚያ ያመመኝ ‹‹እንኳን ደስ አለዎት›› የለም።

በመጨረሻዋ ቅዳሜ እማ ሐዋ የደረቀ ባሚያ በጨርቅ ቋጥረው ሰጧቸው፤ በረዶ ባለበት ባሚያ አይበቅልም ብለው። ሁለቱ በዓረብኛ ተመራረቁ። እኔ እስከ ሚኒባስ መነሻው ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ ቆም አሉና ክንዴን ያዙኝ።

‹‹ኡስታዝ፣ አንድ ኃጢአት አለብኝ።››

‹‹ምን አጥፍተው?››

‹‹ሊኑክስ በሦስተኛው ቅዳሜ አለቀች። እኔ ነኝ ‹አልተሳካ› ያልኩህ። መጠለያ ውስጥ ቅዳሜ በጣም ረጅም ነው። አምስት ቅዳሜ ሰረቅኩህ። ይቅር በለኝ።››

‹‹እንዴት!›› አልኩ፣ ዓይኔን አፍጥጬ። ‹‹እኔ እኮ ምንም አልጠረጠርኩም!››

ይህን የምላቸው ሰው እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኑን ረስተውታል። በዚያ በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ስክሪኑን ወደ ራሳቸው ከማዞራቸው በፊት፣ ከትከሻቸው በላይ ሆኜ አንብቤዋለሁ። ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ መጫኑ ተጠናቋል፣ ሲዲውን አውጣና እንደገና አስነሣኝ ይላል። እሳቸው ‹‹አልተሳካ›› ሲሉ፣ ‹‹አይ፣ ያሳዝናል፤ እንግዲህ ለሚቀጥለው ቅዳሜ›› ያልኩት እኔ ነኝ። አምስቱን ቅዳሜ ሁለታችን ነን የሰረቅነው። ከማን እንደሰረቅነው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዳልነግራቸው ያደረገኝ ምን እንደሆነም እንጃ፤ ምናልባት ሰው ለወዳጁ የሚሰጠው ነገር ሲያጣ፣ ቢያንስ ኃጢአቱን ለብቻው ይተውለታል።

ሚኒባሱ ሞላና ሄደ። በመስኮት እጃቸውን አወጡ፤ አቧራው ሸፈነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሌን ጠረግሁ። ስኳር ነበረኝ። ወንበር ልዋስ ተነሥቼ ግማሽ መንገድ ላይ ተመለስኩ። ቤት መቀመጥ አልሆን ሲለኝ ወጣሁና እግሬ የሸርቆሌ ሚኒባስ ማራገፊያ አደረሰኝ። ሰው ልጠብቅ አይደለም፤ የሚጠበቅ ሰው የለኝም። ብቻ ቆምኩ። ሚኒባሱ መጣ፤ ሰዎች ወረዱ፤ ወዲያና ወዲህ ተበተኑ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቀሩ፤ አንድ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታስሯል፣ በእጃቸው የሐኪም ወረቀት ይዘዋል። ዙሪያውን ሲያማትሩ ቆዩና ወደኔ መጡ። ወረቀቱን ዘረጉልኝ። የዓይን ሐኪም ቤት ነው የሚፈልጉት።

‹‹አንተ የዚህ ከተማ ሰው ነህ?›› አሉኝ።

አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ የማይናወጥ መልስ ነበረኝ። ሽማግሌው በአንድ ዓይናቸው ያዩኛል።

‹‹አዎ አባቴ፣ የዚሁ ነኝ›› አልኩና ክንዳቸውን ደግፌ ጉዞ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድንም፣ የዓይን ሐኪም ቤቱ የት እንደሆነ ለመጠየቅ ሌላ ሰው አስቆምኩ።